ፊደል በዓይን ያልቃል በተባለበት አገር

ከብዙ ወንዝ ማዶ፣ ዛሬ ስሙን የሚያነሳው ሰው የሌለ አንድ አገር ነበረ። አገሩ ክፉ አልነበረም። ዝናቡ በጊዜው ይዘንባል፣ እህሉ ያፈራል፣ ሰዉም እንግዳ ይወዳል። አንድ ነገር ብቻ ነበረበት። በዚያ አገር ፊደል በዓይን ያልቃል ተብሎ ይታመን ነበር።

ነገሩ የመጣው በንጉሡ አያት ዘመን ነው። እኚህ አያት በወጣትነታቸው መጽሐፍ ወዳጅ ነበሩ አሉ። ካረጁ በኋላ አንድ ቀን የሚወዱትን መጽሐፍ ቢገልጡት ፊደሉ ደብዝዞ፣ መስመሩ ከመስመር ተቀላቅሎ ታያቸው። «ይህ መጽሐፍ ድሮ እንዲህ አልነበረም! ማን ነካው?» ብለው ተቆጡ። የደከመው ዓይናቸው መሆኑን ባለሟሎቹ ሁሉ አውቀዋል። ግን ንጉሥን «አርጅተዋል» የሚል አንደበት ከየት ይምጣ? ከመካከላቸው አንዱ ብልጥ እጅ ነሥቶ፣ «ንጉሥ ሆይ፣ ብዙ ሰው አይቶት ነው። ዓይን ባረፈበት ቁጥር ፊደሉን ትንሽ ትንሽ ይልሰዋል» አለ። ንጉሡም እፎይ አሉ። ሰውየው በማግስቱ ሊቀ ሚዛን ተብሎ ተሾመ።

ከዚያ ወዲህ ሕጉ ይህ ሆነ። በአገሩ በር የሚገባ መጽሐፍ ሁሉ መጀመሪያ ሚዛን ቤት ሄዶ ይመዘናል። ክብደቱ ከነባለቤቱ ስም በጀርባው ላይ በቀይ ቀለም ይጻፋል። ከባለቤቱ በቀር ሌላ ሰው አያየውም። ባለቤቱም ያነበበውን ለሌላ ቢያወራ «በአፍ ማሾለክ» ይባላል፤ ያስቀጣል። በዓመት አንድ ቀን መጽሐፍ ያለው ሁሉ መጽሐፉን ይዞ ወደ ሚዛን ቤት ይሄዳል። ቀሎ የተገኘ እንደሆነ ሌላ ዓይን ልሶታል ማለት ነውና፣ የባለቤቱ ዓይን እስከሚመጣው ዓመት በጥቁር ጨርቅ ይታሰራል። የቤተ መንግሥቱን መጻሕፍትማ የሚያየው የለም። ከአምባው ሥር በተሠራ የድንጋይ ቤት ውስጥ ተቆልፈው፣ የአገሩ ኩራት እየተባሉ ይኖራሉ። በዚያ የሚያልፍ ሰው ባርኔጣውን ያወልቃል።

በዚህ አገር ጥሩአየር የምትባል ዣንጥላ ሰፊ ነበረች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን ትኖራለች፤ እጇ ቀና፣ ቤቷም ንጹሕ ነው። የሚታወቅባት ግን ሳቋ ነበር። ጥሩአየር ስትስቅ የጎረቤት ዶሮ ይበረግጋል።

አንድ የበጋ ወራት ነጋዴዎች ከማዶ መጡ። ከነሱ አንዱ፣ ራሰ በራ ሰው፣ ፀሐዩ አናቱን ሲያበስለው ውሎ ኖሮ፣ የጥሩአየርን ደጅ ሲያይ በቀጥታ ገባ። እሷም ዘርፍ ያለው፣ ሰማያዊ፣ ለሙሽራ የሰፋችውን ዣንጥላ ዘረጋችለት። ሰውየው በሱ ፈንታ ጨው ልስጥሽ አላት፤ ጨው አለኝ አለች። ሻሽ ልስጥሽ አላት፤ ሻሽም አለኝ አለች። ኋላ ከኮርቻው ሥር ከመዳፍ ትንሽ ከፍ የምትል መጽሐፍ አወጣ።

«ይቺን ልስጥሽ? መንገድ ላይ እየሳቅሁባት ሁለት ጊዜ ከበቅሎ ወድቄያለሁ» አላት።

ጥሩአየር እጇ ቀድሟት ተዘረጋ።

በዚያው ቀን ሚዛን ቤት ወሰደችው። የዚያ ዘመን ሊቀ ሚዛን ወርቅአገኘሁ ይባላል፤ የዚያ ብልጥ ሰው የልጅ ልጅ ነው። ረጅም፣ ደረቅ፣ ሲቆጣም ሲደሰትም ፊቱ የማይለወጥ ሰው ነበር። በነጭ ጓንት መጽሐፉን ተቀበላትና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። የሚዛን ቤት ሹማምንት መጽሐፍ ሲይዙ ዓይናቸው እንዳያርፍበት ፊታቸውን ያዞራሉ። ስለዚህም ብዙ ጊዜ እርስ በርሳቸው ይጋጫሉ።

«የማን ዓይን?» አለ ወርቅአገኘሁ ለግድግዳው።

«የኔ፣ የጥሩአየር።»

«አንቺ ብቻ ታዪዋለሽ። ታነቢያለሽ፣ ትዘጊያለሽ፣ ዝም ትያለሽ። ገባሽ?»

«ገባኝ ጌታዬ።»

እውነትም የገባት መስሏት ነበር። ቤቷ ደርሳ፣ ከበሩ ጥግ ብርሃን ካለበት ተቀምጣ እስክትገልጠው ድረስ።

መጽሐፉ ነፋስን ስለከሰሰ ሰው ነው። ሰውየው ባርኔጣውን ነፋስ ይወስድበታል፤ ተናዶ ፍርድ ቤት ይሄዳል፤ ዳኛውም ክሱን ይቀበላሉ። በቀጠሮው ቀን አስጠሪው በሩ ላይ ቆሞ «ነፋስ! ነፋስ! ነፋስ! ቀርበሃል?» ብሎ ሲጣራ በሩ ጓ ብሎ ይዘጋል። ዳኛውም መነጽራቸውን አስተካክለው፣ «ተከሳሹ ቀርቧል፤ ግን ሥርዓት የለውም» ይላሉ።

እዚህ ላይ ጥሩአየር ፈነዳች። የጎረቤቷ ዶሮ በረገገች። ከአጥሩ ወዲያ ማር የምትሸጠው ጎረቤቷ ይመኙሻል ብቅ አለች።

«ምን ሆንሽ አንቺ?»

«ምንም።»

«ምንም ብሎ እንዲህ የሚስቅ አለ? ዶሮዬ ዛሬም እንቁላሏን ልትከለክለኝ ነው!»

«መጽሐፍ ገዛሁ» አለች ጥሩአየር እንባዋን እየጠረገች።

የይመኙሻል ፊት ተለወጠ። እሷም ማንበብ ትችላለች፤ አባቷ የተዉላት አንድ መጽሐፍ አላት። ስለ ከብት በሽታ ነው። ከልጅነቷ ጀምሮ እሱኑ ስታነብ ኖራ የላሞችን ሳል በቃሏ ታውቃለች። «ምን ይላል?» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«በአፍ ማሾለክ ይሆንብኛል።»

«እሺ፣ ተይው» አለች ይመኙሻል፤ ግን ከአጥሩ አልተነሳችም።

ጥሩአየር ወደ ሥራዋ ልትመለስ ሞከረች። ክር ስታስገባ ዳኛው ትዝ ይሏታል፤ ጨርቅ ስትቆርጥ አስጠሪው ትዝ ይላታል። የሚያስቅ ነገር ይዞ ዝም ማለት እንዴት ያለ ሕመም እንደሆነ ያን ቀን አወቀች። ሆዷ እንደ ሊጥ ኩፍ አለ። ሊፈነዳ ሲል አንድ ዣንጥላ አነሳች፣ አጠፈችው፣ መጽሐፉን በእጥፋቱ ውስጥ ሸጎጠችው፣ በገመድ ሸብ አደረገችው።

«ይመኙሻል!» ብላ ተጣራች። «ዣንጥላሽ ተጠግኗል!»

«እኔ ዣንጥላ የ…» ብላ ጀመረችና ይመኙሻል ገባት። «እሰይ! በጣም አስፈልጎኝ ነበር!»

በማግስቱ ረፋዱ ላይ ከአጥሩ ወዲያ የተሰማው ሳቅ የጥሩአየርን አስናቀ። ጥሩአየር እየሮጠች ወጣች። «የት ደረስሽ?» አለቻት። «ነፋስ ለምስክርነት የጠራው ማንን እንደሆነ ብነግርሽ…» «አውቃለሁ፣ አውቃለሁ! አትንገሪኝ! ንገሪኝ!» ሁለት ጎልማሳ ሴቶች አጥሩን ይዘው እንደ ልጅ ዘለሉ። ጥሩአየር መጽሐፉን አንብባ ስትጨርስ ደስ ብሏት ነበር። አሁን የተሰማት ግን ሌላ ነበር፤ መጽሐፉ ገና አሁን የተጀመረ መሰላት።

ከይመኙሻል በኋላ ተራው የጋሽ ፈለቀ ሆነ። ጋሽ ፈለቀ ቆዳ ሰፊ ናቸው፤ ለይመኙሻል የማር ማጓጓዣ ስልቻ ሲያመጡላት ስትስቅ አገኟት፣ ጠየቁ፣ «ዣንጥላ» ይዘው ተመለሱ። ከሳቸው ወደ ሸማኔው፣ ከሸማኔው ወደ ሸክላ ሠሪዋ፣ ከሷ ወደ ገበያ ለፋፊው ሄደ። በዚያ ዓመት በጋ፣ ደመና በሌለበት ሰማይ ሥር፣ የአገሩ ዣንጥላ ሁሉ ይሰበር ጀመር። ሰዉ የታጠፈ ዣንጥላ በብብቱ ይዞ፣ ፀሐይ አናቱን እየመታው፣ ከቤት ወደ ቤት ይጣደፋል።

ወርቅአገኘሁ አንድ ቀን ጋሽ ፈለቀን መንገድ ላይ አስቆማቸው።

«ዣንጥላውን ይዘህ ለምን አትዘረጋውም?»

«እንዳያረጅብኝ ነው ጌታዬ።»

ወርቅአገኘሁ አሰበ። መልሱ ከአገሩ ሕግ ጋር በጣም ስለሚመሳሰል የሚነቅፍበት ነገር አጣና አሳለፋቸው።

መጽሐፉ ዞሮ ጥሩአየር እጅ ሲገባ አልለየችውም። ይመኙሻል የላላውን ጥራዝ በሰም አጣብቃዋለች። ጋሽ ፈለቀ ሽፋኑ ሲቀደድ አላስቻላቸውም፤ የበሬ ቆዳ አልብሰውታል። ሸማኔው ለማንበቢያ ምልክት ብሎ ጥለት አስሮበታል። ሸክላ ሠሪዋ በየገጹ ቀይ የጣት አሻራ አትማበታለች። ሁሉም ደግሞ ዝም ብለው ማለፍ አልሆነላቸውም፤ በኅዳጉ ላይ ጽፈዋል። «እዚህ ጋ ሥራ ፈታሁ» ይላል አንዱ። «ይህ ዳኛ ቁርጥ አጎቴን ነው» ይላል ሌላው። ከሥሩ በሌላ እጅ፣ «አጎትህን አውቀዋለሁ፤ ልክ ነህ» ተብሎ ተጽፏል። ኅዳጉ ሲሞላባቸው ቁራጭ ወረቀት እየለጠፉ ቀጥለዋል። ጥሩአየር ከመጀመሪያው ጀምራ አነበበችው፤ አሁን በክፍሉ ውስጥ መንደሩ ሁሉ አብሯት የተቀመጠ መሰላት። ሳቀችም፣ ትንሽም አለቀሰች።

ይህን ስታደርግ የመመዘኛው ቀን መድረሱን ረስታው ነበር።

ያስታወሳት የለፋፊው ድምፅ ነው። «መጽሐፍ ያለህ፣ ነገ ሚዛን ቤት!» ሲል ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ መጽሐፉን ያነበበ ነዋ። ይመኙሻልና ጋሽ ፈለቀ ወዲያው መጡ።

«ስንት ዓይን አረፈበት!» አሉ ጋሽ ፈለቀ። «ልሰን ጨርሰነዋል።»

«ዓይኔን ካሰሩት ዣንጥላ እንዴት እሰፋለሁ?» አለች ጥሩአየር። እስከዚያ ቀን ድረስ ያልፈራችው ፍርሃት ሁሉ አንድ ላይ መጣባት። ጣቶቿን አየቻቸው፤ ያለ ዓይን መርፌ ሊይዙ አይችሉም።

«እኔ ነኝ ያነበብኩት እላለሁ» አለች ይመኙሻል።

«ያን ጊዜ የሁለታችንንም ያስሩታል። ማርሽንስ ማን ይቆርጣል?»

«መጽሐፉን ብንደብቀው?» አሉ ጋሽ ፈለቀ።

«ያልቀረበ መጽሐፍ እንደቀለለ ይቆጠራል። ይዤው እሄዳለሁ» አለች ጥሩአየር። ሳትስቅ ስትናገር ያዩዋት ያን ቀን ነው።

በማግስቱ ሚዛን ቤቱ ግጥም አለ። ትልቁ ሚዛን መሃል ላይ ተሰቅሏል። ሹማምንቱ ፊታቸውን አዙረው፣ እየተጋጩ፣ መጽሐፍ ይቀበላሉ። የጥሩአየር ስም ተጠራ። ወደ ፊት ወጣች። መጽሐፉን ያነበቡት ሁሉ አንገታቸውን አሰገጉ። ወርቅአገኘሁ ጓንቱን አጠለቀ።

ያኔ ከውጭ ነፋስ ነፈሰ። የአዳራሹ ትልቅ በር ጓ ብሎ ተዘጋ።

መጀመሪያ ሸክላ ሠሪዋ አፏን በነጠላዋ አፈነች። ሸማኔው ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ጋሽ ፈለቀ ሳል አስመሰሉ። ከኋላ አንድ ሰው በቀጭን ድምፅ «ተከሳሹ ቀርቧል» አለ። አለቀ። አዳራሹ ፈነዳ። ሰው በሰው ላይ እየተደገፈ፣ እንባውን እያፈሰሰ ሳቀ። የሚዛን ቤቱ ዘበኛ ሳይቀር ጦሩን ጥሎ ሆዱን ያዘ።

«ምን ያስቃል?» ብሎ ጮኸ ወርቅአገኘሁ። «በር ነው የተዘጋው!»

ሳቁ ባሰ። ኋላ ግን ቀስ በቀስ ለሁሉም ገባቸው፤ በአንድ ነገር በአንድ ላይ የሚስቁ ሰዎች አንድ ነገር አንብበዋል ማለት ነው። ሳቁ እንደ ተቆረጠ ክር ቆመ። ወርቅአገኘሁም ገብቶታል። ዓይኑን በሕዝቡ ላይ ካዞረ በኋላ ጥቁሩን ጨርቅ አስመጥቶ ከሚዛኑ አጠገብ አስቀመጠ።

«ይመዘን!» አለ።

መጽሐፉ በአንዱ ወገን፣ የክብደቱ ድንጋይ በሌላው ተቀመጠ። ጥሩአየር ዓይኖቿን ጨፈነች፤ ምናልባት መለማመድ ይሻላል ብላ።

ዷ የሚል ድምፅ ሰማች። ዓይኗን ገለጠች። መጽሐፉ ያለበት ወገን ወለሉን ነክቶ፣ ድንጋዩ አየር ላይ ተንጠልጥሏል።

«ገልብጣችሁ መዝኑ!» አለ ወርቅአገኘሁ። ገለበጡት። ያው ነው። ድንጋይ ጨመሩ፤ አሁንም መጽሐፉ ያዘቀዝቃል። ሹማምንቱ የሕጉን ጥቅልል ዘርግተው ተደፉበት፤ እሱንም ፊታቸውን አዙረው ስለሆነ ብዙ ጊዜ ወሰደባቸው። ቀሎ ስለተገኘ መጽሐፍ ብዙ ተጽፏል። ከብዶ ስለተገኘ አንድም ቃል የለም።

«አንቺ ሴት፣ ምን አበላሽው?» አለ ወርቅአገኘሁ።

ጥሩአየር ሕዝቡን አየች። ከመዋሸት እውነቱ ቀለላት። «ሰው ነው ጌታዬ። ያነበበው ሁሉ ከራሱ ትንሽ ጥሎበት ሄደ።»

ንጉሡ ከላይ ከሰገነቱ ሆነው ይመለከቱ ነበር። በሕይወታቸው እንዲህ የሚያስደስት መመዘኛ አይተው አያውቁም። «የሌሎቹስ?» አሉ። የሌሎቹ ተመዘነ። አንድ ባለጸጋ በሰባት ጨርቅ ጠቅልሎ፣ ራሱም ሳያነብ ያስቀመጠው መጽሐፍ ሲመዘን ቀሎ ተገኘ። ሲፈቱት ብል ከመሃሉ እየተንደላቀቀ ወጣ። ባለጸጋው ራሱን ይዞ ጮኸ።

«እንግዲያው የኛን አምጡ!» አሉ ንጉሡ።

ወርቅአገኘሁ ነጣ። «ንጉሥ ሆይ፣ እነሱ እኮ ከተቆለፉ…»

«አምጡ!»

የድንጋዩ ቤት ቁልፍ ዝጎ ስለነበር በሩ በመዶሻ ተሰበረ። ሲከፈት የብል ደመና ወጥቶ ፀሐዩን ጋረደው። አሽከሮቹ ትልልቆቹን መጻሕፍት ለመሸከም ጎንበስ ብለው ሲያነሱ፣ ካሰቡት በላይ ቀለሏቸውና ወደ ኋላ ተገነደሱ። አንዱ ሚዛን ላይ ተቀመጠ፤ ድንጋዩ ዷ ብሎ ወረደ፣ የአገሩ ኩራት እንደ ገለባ ወደ ላይ ተስፈነጠረ። በጀርባው ላይ በቀይ ቀለም የተጻፈው የባለቤት ስም «የአገሩ ንጉሥ» ይላል።

ጥቁሩ ጨርቅ ከሚዛኑ አጠገብ እንደተቀመጠ ነው። የንጉሡ ዓይን ጨርቁን አየ፤ የሕዝቡም ዓይን የንጉሡን ዓይን አየ።

የወርቅአገኘሁ አያት በብልሃቱ የንጉሡን አያት ከእርጅና እንዳዳነ ሁሉ፣ እሱም በዚያች ቅጽበት አንድ ነገር መናገር ነበረበት። ላቡ ጓንቱን አርሶታል። «ንጉሥ ሆይ» አለ፤ «መጻሕፍቱ… ከስተዋል። ሕጉን እኛ ገልብጠን ይዘነው ኖሮ ነው። መጽሐፍ የሚወፍረው በዓይን ነው። ወደ ሕዝቡ ይሂዱና ይደልቡ።»

«ይደልቡ!» አሉ ንጉሡ ወዲያው፣ ዓይናቸውን ከጨርቁ ሳያነሱ።

አዳራሹ በእልልታ ተናጋ። ይመኙሻል ጥሩአየርን አንገቷን አቅፋ አሽከረከረቻት፤ ጋሽ ፈለቀ ዘበኛውን ሳሙት። ብል ያልጨረሳቸው መጻሕፍት በዚያው ቀን በቅርጫት ተጭነው ወጡ። ሰዉ «እኔ ላደልብ! እኔ ላደልብ!» እያለ ተጋፋ። ሹመትም ወዲያው በዛ፤ የኅዳግ አለቃ፣ የአሻራ መርማሪ፣ የሳቅ ምስክር የሚባሉ ተሾሙ። መጽሐፍ ይዞ ለብቻው የሚያነብ ሰው «ሊያከሳው ነው» ተብሎ ይወቀስ ጀመር። አገሩ ከሕግ አልዳነም። ግን መጽሐፍ ከቤት ቤት ይዞራል፣ ዣንጥላም ለፀሐይና ለዝናብ ብቻ ይዘረጋል።

ከዚያ በኋላ አንድ ከሰዓት ጥሩአየር በሩ ጥግ ተቀምጣ ስትሰፋ ጥላ መጣባት። ቀና ብትል ወርቅአገኘሁ ነው። እንደ ልማዷ ፈርታ ተነሳች። ሰውየው ግን ጓንት አላጠለቀም፤ በባዶ እጁ ከድንጋዩ ቤት የወጣ አንድ ቀጭን መጽሐፍ ይዟል። በአዲሱ ሕግ መሠረት ለሱም የሚያደልበው ደርሶታል።

«ወይዘሮ ጥሩአየር፣ ሥራ ይዘዋል?» አላት።

«እርስዎ» ሲላት መጀመሪያው ነበር። ጥሩአየር መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰካች።

«እኔ መጽሐፍ እመዝን ነበር እንጂ ገልጬ አላውቅም» አለ። «ትናንት ገለጥኩ። ምሳም አልበላሁም። አንድ ሰው አለ እዚህ ውስጥ፣ ጥላውን ሊሸጥ ገበያ የሚወጣ… ገዢው ደግሞ ምን ቢለው ጥሩ ነው…» ፊቱ ተጣመመ። ያ ሲቆጣም ሲደሰትም የማይለወጠው ፊት መሃሉ ላይ ተሰነጠቀ፣ ከውስጡም የዛገ በር ድምፅ የመሰለ ሳቅ ወጣ። «አልቻልኩም። ቤቴ ውስጥ የምነግረው ሰው የለም።»

ጥሩአየር በርጩማ ሳበችለት። ከዚያም ወደ አጥሩ ዞራ፣ «ይመኙሻል! ቶሎ ነይ! ሊቀ ሚዛን መጽሐፍ ይዘው መጥተዋል!» ብላ ተጣራች። «ማሩን ከድኜ መጣሁ!» የሚል ድምፅ ተመለሰ።

«እስከዚያ ገዢው ያለውን ይንገሩኝ» አለች ጥሩአየር።

«የለም፣ የለም» አለ ወርቅአገኘሁ። «ከመጀመሪያው ነው የማነበው። እስክትመጣ እንጠብቃት።»

ጣቱን በገጹ መሃል አድርጎ፣ ከንፈሩን ነክሶ፣ ጉልበቱን እያወዛወዘ፣ በሩን በሩን ያይ ጀመር።